ቃጫና ጠብታ

አዲስ ተማሪዎች ወደ ቤተ ሙከራ ሲገቡ መጀመሪያ የማስተምራቸው ስለ ባዶ ናሙና ነው። ሌላው ሁሉ ይቆያል። አንድ ነገር መኖሩን ማወቅ ከፈለግን፣ ያ ነገር በሌለበት ምን እንደሚታይ አስቀድመን ማየት አለብን እላቸዋለሁ። ውሃ ውስጥ ስኳር መኖሩን የምንፈትሽ ከሆነ መጀመሪያ ስኳር የሌለበትን ውሃ እንፈትሻለን። እሱም ቀለሙን ከቀየረ ጥፋቱ የስኳሩ ሳይሆን የብርጭቆው ነው። ይህንን ሰሌዳው ላይ በሁለት ቀለም ጠመኔ እጽፍና ከሥሩ አሰምርበታለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ነገር እንደምወድ ስለሚያውቁ ፈተና ላይ መልሱ የጠፋባቸው ሁሉ «ባዶ ናሙና» ብለው ይሞላሉ። አንዳንዴም ይሳካላቸዋል።

የዛሬ ዓመት ኅዳር ላይ ግን እኔው ራሴ ሳልሠራው ቀረሁ።

ያኔ ዲላ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የደሴ ልጅ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን አዲስ አበባ ጨርሼ ለማስተማር የተመደብኩት እዚህ ነው። ከተማውን አልጠላሁትም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጥቶ ባጃጆቹ ሁሉ ሸራቸውን ሲያወርዱ፣ ከዚያ ፀሐይዋ ተመልሳ አስፋልቱ ሲጨስ፣ በመስኮት ማየት እወድ ነበር። ግን ሰው አልነበረኝም። ማስረዳት ሥራዬ ሆኖ ሳለ ይህንን ማስረዳት ይከብደኛል። ቀኑን ሙሉ ስናገር እውላለሁ። ከሥራ ወጥቼ የተከራየሁትን ክፍል በር ስዘጋ ግን ከትምህርት ውጪ አንድም ነገር ለማንም ሳልናገር እንደዋልኩ ትዝ ይለኛል።

አከራዮቼ ደጎች ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ምሳ ሲሠሩ በሳህን ሸፍነው ያመጡልኝ ነበር። እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አንድ ረቡዕ ቅቤ ያለበት ነገር አምጥተው «ዛሬ ጾም ነው» አልኳቸው። በጣም ደነገጡ። ከዚያ በኋላ የትኛው ቀን ጾም እንደሆነ እርግጠኛ ስላልሆኑ፣ እንዳያስቀይሙኝ ብለው ጭራሽ ማምጣቱን ተዉት። እኔም የጾሙን ቀናት በወረቀት ጽፌ ልስጣቸው አልስጣቸው እያልኩ ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ወረቀቱን አዘጋጅቼው ነበር፤ በሠንጠረዥ። ግን «ምግብ አምጡልኝ» ማለት መስሎ ስለተሰማኝ ደብተሬ ውስጥ ቀረ። በግድግዳው በኩል መዝሙራቸው ይሰማኛል፤ ዜማዎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

ከዚህ የሚያወጣኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ብልቃጥ ውስጥ ነበር።

ብልቃጡን የላከልኝ አዲስ አበባ የነበረው አማካሪዬ ነው። ከጣት ጥፍር የማይበልጥ መጠን ያለው ነጭ ዱቄት አለበት። ሲያዩት ጨው ይመስላል። አማካሪዬ በስልክ የነገረኝ አጭር ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ቤተ ሙከራው ውስጥ ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ ቦታ አለው፣ ስም የሚያቀርበው ለኮሚቴ ነው፣ ኮሚቴው ደግሞ ማየት የሚፈልገው ውጤት ነው። «ባለሽ መሣሪያ በጠብታ ውስጥ ክር አሳዪኝ» አለኝ። ዱቄቱ ለአራት ሙከራ ይበቃል። ውድ ስለሆነ ሌላ ለመላክ ቃል አልገባም።

ክር ያለው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሰውነታችን የተሠራባቸው ፕሮቲኖች አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትናንሽ ነገሮች የተሰካኩ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። ሰንሰለቱ አጭር ሲሆን ፔፕታይድ ይባላል። የእኔ ዱቄት ከሁሉም አጭሩ ነው፤ ሁለት አሚኖ አሲዶች ብቻ። በጣም ሙቅ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን እነዚህ ጥንዶች ማንም ሳይነካቸው እርስ በርሳቸው ይፈላለጉና ጎን ለጎን፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረደሩ ቀጥ ያለ ክር ይሠራሉ። ራሱን በራሱ መገጣጠም የምንለው ይህንን ነው። ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ውስጥ ይህን ማሳየት ቀላል ነው። አንድ ቦታ ላይ አንድ ክር ከተጀመረ ለሁሉም ይበቃል፤ ሌሎቹ እሱን ተከትለው ይገጣጠማሉ።

ጠብታ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ሙቁን ውሃ ከፓራፊን ዘይትና ሳሙና መሰል ነገር ጋር አጥብቄ ስመታው ከፀጉር ውፍረት እምብዛም የማይበልጡ ብዙ ሺህ ጠብታዎች ይሆናል። በመካከላቸው ዘይት አለ። ከአንዷ ጠብታ ወደ ሌላዋ የሚሻገር ክር የለም። ስለዚህ እያንዳንዷ የራሷን ክር ራሷ መጀመር አለባት፤ ጎረቤቷ ጀመረች አልጀመረች ለእሷ ለውጥ የለውም። ሰዎች ይህን የሚያጠኑት የሕይወት ሴል ራሱ በውስጡ ክሮች ያሉት ትንሽ ጠብታ ስለሆነ ነው። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ያኔ የማስበው ስለ ሴል ሳይሆን ስለ አዲስ አበባ ነበር።

ይህን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ በደቦ ነበር የማስረዳቸው። «ማንም አዛዥ የለም፤ ሁሉም መጥቶ ቦታውን ይይዛል» ስላቸው አንዱ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ደቦ እኮ ጠሪ አለው። ጠላው ራሱ በጠሪው ነው» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ያለ ጠሪ የሚሰበሰብ ምን አለ?

ቤተ ሙከራውን የሚያጸዱትና ዕቃውን የሚያጥቡት ሴትዮ ከወናጎ በሚኒባስ እየተመላለሱ የሚሠሩ የጌዴኦ ሴት ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም። ተማሪው ሁሉ «ማዘር» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያልፋል፤ ለኔ ያላቸው ሰላምታ «ቲቸር፣ በላሽ?» ነው። በልቻለሁ ካልኩ አያምኑኝም፤ አልበላሁም ካልኩ ይቆጣሉ። ብርጭቆ ሲያጥቡ የሚሰብሩት ነገር የለም፤ ሰባራ ቢገኝ የተማሪ ሥራ ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ ጥቅምት ላይ ሠራሁ። ባዶ ናሙናም ሠራሁ፤ ዱቄት የሌለበት ውሃ፣ በዚያው ዘይት፣ በዚያው መንገድ። ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ። ሁለት ሰዓት ያህል ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ጠብታ በጠብታ ፈለግሁ። ምንም የለም። ስላይዱን ማዘር አጠቡት። ሁለተኛውን በሳምንቱ ሠራሁ። እንደዚያው።

ስላይዱ ቶሎ እንዳይደርቅ ዳርና ዳሩ በጥፍር ቀለም ይታሸጋል። በሌላ አገር ሌላ ነገር ይኖር ይሆናል፤ እኛ ጋ የሚሠራው የጥፍር ቀለም ነው። ለመግዛት ገበያ ስሄድ ባለሱቋ ቀይ ቀለም አውጥታ ጣቶቼን አየችና «ለሰርግ ነው?» አለችኝ።

«ለመስታወት ነው» አልኳት።

«መስታወት ፊት ቁጭ ብለሽ ልትቀቢ?»

«አይ፣ መስታወቱን ልቀባው።»

ለጎረቤቷ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ነግራት ሁለቱም ሳቁ። እኔም ቀለሜን ይዤ ስሄድ ፈገግ እንዳልኩ ቀረሁ። በዚያ ሳምንት ስለ ትምህርት ያልሆነ ንግግሬ እሱ ብቻ ነበር።

ሦስተኛውን ሙከራ የሠራሁት ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ረቡዕ ዕለት ነው። ጥጥና የመስታወት መወልወያ ወረቀት ካለቀ ሰንብቷል፤ ጥያቄ ብናቀርብም አልመጣም። መብራት ሄዶ ይመጣል። ማዘር የወለወሏቸውን ስላይዶች በሳጥን ደርድረው አስቀምጠውልኝ ነበር፤ ብርሃን ላይ ሳያቸው ያበራሉ። መብራቱ ሳይሄድ ልድረስ ብዬ ተጣደፍኩ። ባዶ ናሙናውን ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፣ ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ፣ ሦስተኛ ጊዜ ምን ይጨምርልኛል ብዬ ተውኩት። እንደዚህ ብሎ የጻፈ ተማሪ ቢኖር ዜሮ እሰጠው ነበር።

ማይክሮስኮፑን ባስተካከልኩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አየሁት። አንዲት ጠብታ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ክር። ግልጽ፣ ረጅም፣ ጫፉ ላይ በሁለት የተከፈለ። ሌላ ጠብታ ውስጥም ሌላ። ወንበሬን ትቼ ተነሳሁ፤ ዞር ብዬ የማሳየው ሰው ፈለግሁ። ክፍሉ ባዶ ነበር። በስልኬ ካሜራ በማይክሮስኮፑ መነጽር በኩል ፎቶ አንስቼ ለአማካሪዬ ላክሁ። ወዲያው ደወለልኝ። ደስታው ከኔ ይበልጥ ነበር። ክሩ ሲበዛ ወፍራም እንደሆነና ብዙ ክሮች ተጣምረው ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ ለማንኛውም ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ስለሚሰበሰብ ስሜን እንደሚያቀርብ ነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ ክፍሌ ስገባ መጽሐፎቼን በምን ካርቶን እንደማስር ማሰብ ጀምሬ ነበር። ዝርዝርም ጻፍኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ማዘር ወለል ሲጠርጉ ጠራኋቸው። ለሰው ማሳየት አለብኝ። ማይክሮስኮፕ ሲያጸዱ እንጂ ሲያዩበት አይቻቸው አላውቅም። አንድ ዓይን እንዴት እንደሚጨፈን አስረዳኋቸው፣ ማስተካከያውን እንዴት እንደሚያዞሩ፣ ምን እንደሚያዩ፣ ለምን እንደሚያስደንቅ። ብዙ አስረዳሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ቲቸር፣ ይቺ ቃጫ ነው» አሉ።

ሳቅ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። ሁለት አሚኖ አሲዶች፣ ሙቅ ውሃ፣ ማቀዝቀዝ። ልጅ የቃል ጥናቱን ሲያነበንብ እንደሚሰማ ሰው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሺ» አሉ። «ግን ቃጫ ነው። ጫፏን እዪው፤ ተሰንጥቃለች። በደንብ ያልተፋቀ እንሰት እንዲህ ነው የሚያወጣው። እኔ ከልጅነቴ ስፍቅ ነው የኖርኩት።»

«ቃጫ ከየት ይመጣል እዚህ?»

እጃቸውን ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና አንድ ጭብጥ ነጭ ነገር አወጡ። የእንሰት ቃጫ። ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ለስልሶ እንደ ፀጉር ሆኗል። «ጥጥ አልቋል ብለሽ የለ? በዚህ ነው የምወለውለው። ከጥጥ ይበልጣል፤ መስታወት ያበራል። ንጹሕ ነው ቲቸር፣ በሳሙና አጥቤዋለሁ።» ከዚያ ፊቴን አዩ። «አበላሸሁብሽ?»

«አይ፣ ምንም አልሆነም» አልኩ። ውሸቴን ነበር።

እሳቸው ሲሄዱ ማድረግ ያለብኝን አደረግሁ። ስላይዱን የፈላ ውሃ ኩባያ ላይ አስቀመጥሁት። የኔ ክር ከሆነ ሲሞቅ መሟሟት አለበት፤ የተሠራው በመቀዝቀዝ ነውና። ክሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ረቡዕ መሥራት የነበረብኝን ባዶ ናሙና ሠራሁ፤ ዱቄት የሌለው ንጹሕ ውሃ፣ ማዘር በወለወሉት ስላይድ ላይ። እሱም ውስጥ ክር ነበር፤ ጫፉ የተሰነጠቀ። ለአማካሪዬ በኩራት የላክሁት ፎቶ ላይ ያለው ወናጎ ጓሮ ውስጥ የበቀለ እንሰት ነው።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ይህን አስቤያለሁ፤ አላሰብኩም አልልም። ማዘር ለማንም አይናገሩም፤ ቢናገሩም የሚሰማቸው የለም። ሐሙስን እንደዚያ ስል ዋልኩ። ዓርብ ጠዋት ክፍል ገብቼ የመጀመሪያ ዓመቶችን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ «ባዶ ናሙና» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሳሰምር ጠመኔው ተሰበረብኝ። ክፍለ ጊዜውን ጨርሼ ወጥቼ ደወልኩ።

ከላይ እስከ ታች ነገርኩት። አማካሪዬ «ባዶ ናሙና ሠርተሽ ነበር?» አለኝ።

«ለሦስተኛው አልሠራሁም።»

«ለተማሪዎችሽ ታስተምሪዋለሽ?»

«በየዓመቱ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያለ ውጤት ስም ማቅረብ እንደማይችል፣ ሌላ የሚጠብቅ ልጅ እንዳለ፣ እስከ ሰኞ ጠዋት እውነተኛ ምስል ከደረሰው ግን እንደሚያቀርበኝ ነገረኝ። አንድ ሙከራ የሚሆን ዱቄት ቀርቶኛል።

ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ቤተ ሙከራው ስደርስ ማዘር በሩ ላይ ቆመው ነበር። የሥራ ቀናቸው አይደለም፤ ዓርብ ከሰዓት ቅዳሜ እንደምሠራ ብቻ ነበር የነገርኳቸው። በፌስታል አንድ ጥቅል ጥጥ ይዘዋል። ጎረቤታቸው ቤት እንሰት የሚፋቅበት ቀን ስለሆነ እዚያ መገኘት ነበረባቸው፤ ትተውት እንደመጡ የነገሩኝ ቆይተው ነው። ስላይዱን ሁሉ እንደገና አጠቡ፣ በጥጥ ወለወሉ፣ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩ። መብራት አልነበረም። አሮጌው ማይክሮስኮፕ ከሥሩ መስታወት ስላለው መስኮቱ ጋ አስጠግተን የፀሐይ ብርሃን መለስንበት። ውሃውን ማዘር በከሰል አፈሉልኝ።

በቅድሚያ ባዶ ናሙናውን ሠራሁ። ንጹሕ። ከዚያ ብልቃጡን በሙቅ ውሃ አለቅልቄ የቀረችውን ዱቄት ሁሉ አወጣሁ። ሟሟ። ከዘይቱ ጋር መታሁት፣ ስላይድ ላይ ጣልኩት፣ በቀይ የጥፍር ቀለም አሸግሁት። ስድስት በስድስት የሆነ ሠንጠረዥ ደብተሬ ላይ አሰመርኩና ሠላሳ ስድስት ጠብታዎች መርጬ ቁጥር ሰጠኋቸው።

ስንጠብቅ ማዘር ይህ ነገር ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ያለ አዛዥ የሚሰበሰብ ነው፣ እንደ ደቦ ነው አልኳቸው። ተማሪው ያለኝንም ነገርኳቸው።

«ልጁ ልክ ነው። ጠሪ የሌለው ደቦ የለም» አሉ። «እኔ ሳይጠራ ሲመጣ የማውቀው ለቅሶ ብቻ ነው።»

ይህን እንደ ቀልድ አልተናገሩትም፤ እኔም አልሳቅሁም። የማውቀው ትክክለኛ ምሳሌ እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የማስተምረው በእሱ ነው። ለቅሶ ቤት ማንም ካርድ አይልክም። ሰው ይሰማል፣ ይመጣል፣ ከተቀመጠው ጎን ይቀመጣል። ግን መጀመሪያ የተቀመጠ ሰው መኖር አለበት። የጠብታ ችግር ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው እስኪቀመጥ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ማንም አያውቅም።

ይህንን ያኔ በደንብ ባውቀው ኖሮ መልካም ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ዝናብ መጥቶ ብርሃኑ ሲደክም ከአንድ እስከ ሠላሳ ስድስት አየኋቸው። በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ማዘር የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ሄዱ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ብቻዬን መጥቼ አየሁ። የለም። ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ደግሜ አየሁና ለአማካሪዬ «የለም» ብዬ ጻፍኩለት። ስለ ሐቀኝነቴ አመስግኖ የሌላውን ልጅ ስም እንዳቀረበ መለሰልኝ። መልእክቱ ትሕትና ነበረው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ማዘር መጥተው «ይታጠብ?» ሲሉኝ «ሁሉም ይታጠብ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ስላለው ሳምንት የምለው ብዙ የለኝም። አስተማርኩ። የካርቶኑን ዝርዝር ቀደድኩት። እሁድ ለእናቴ ስደውል ሥራው እንዴት ነው ስትለኝ ደህና ነው አልኳት፤ ስለ ዱቄቱ ቀድሞም አልነገርኳትም ነበር፣ ስለዚህ የጠፋውንም መንገር አልቻልኩም። የቡና ለቀማው ደርሶ ግማሹ ተማሪ ቤተሰቡን ሊያግዝ ሄዷል፤ ግቢው ጸጥ ብሏል። አንድ ቀን ከሰዓት ክፍሌ ተቀምጬ በግድግዳው በኩል ካለው መዝሙር ጋር እየዘመርኩ ራሴን አገኘሁት፤ ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ማዘር ወደ ጠረጴዛዬ መጡና ቆሙ። «ቲቸር፣ ካልተቆጣሽ» አሉ።

«ምነው?»

ቁም ሳጥኑን ከፍተው ከታች መደርደሪያ ላይ ክዳን ያለው የመስታወት ሳህን አወጡ። ውስጡ ዳርና ዳሩ ቀይ የተቀባ ስላይድ አለ። «ይታጠብ ብለሽኝ ነበር። ሌላውን አጥቤያለሁ። ይቺን ግን ፈራሁ።»

«ምኑን ፈሩት?»

«ያንን አበላሸሁ፣ ይሄንንም ላበላሽ?» ጣታቸውን ቀዩ ቀለም ላይ አሳረፉ። «ደግሞ እኛ ቆጮ እንዲቦካ ጉድጓድ ከከተትን በሁለተኛው ቀን ከፍተን የለም አንልም።»

ለማስደሰት ያህል ብቻ ማይክሮስኮፑ ላይ አደረግሁት። ደብተሬን አወጣሁ። አንድ፣ የለም። ሁለት፣ የለም። ብዙዎቹ ቅዳሜ እንደነበሩት ክብና ባዶ ናቸው። ሃያ ሦስተኛዋ ግን ክብ አልነበረችም። ከመካከሏ የተነሱ ቀጫጭን ክሮች በየአቅጣጫው ወጥተው ግድግዳዋን ይገፋሉ፤ ከጫፍ ሲደርሱ መውጫ አጥተው ጎብጠዋል። ጠብታዋ ውስጧ ባለው ነገር ተወጥራ ቅርጿን ለውጣለች። ጎረቤቶቿ ሃያ ሁለትና ሃያ አራት እንደ ጥሩ ውሃ ንጹሕ ናቸው።

ተነሳሁና ወንበሬን ለማዘር ለቀቅሁላቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። እኔ የፈተና ወረቀቱ ሲታረም እንደሚጠብቅ ተማሪ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«ይቺ ቃጫ አይደለም» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዲህ ቀጥ ያለ ቃጫ የትም የለም። ደግሞ ቃጫ ከመሀል አይወጣም፤ ከውጭ ነው የሚገባው።»

ለእኔ ይበቃ ነበር። ለአማካሪዬ ግን አይበቃም፤ መብቃትም የለበትም። እውነተኛ መሆኑን የማሳየው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ማሞቅ። ካሞቅሁት ይሟሟል። ከሟሟ በኋላ መቼ እንደሚመለስ፣ ጭራሽ ይመለስ እንደሆነ አላውቅም። አሥር ቀን የፈጀች አንዲት ጠብታ ናት ያለችኝ፤ ዱቄትም የለኝም። ባጠፋት የሚቀርልኝ ፎቶ ነው። ካላጠፋኋት ደግሞ ያለኝ፣ ያልተፈተነ ሌላ ክር ነው።

በፎቶ አነሳኋት፤ በብዙ ፎቶ። ውሃ አፈላሁ። ስላይዱን ኩባያው ላይ አስቀምጬ ወደ ማይክሮስኮፑ መለስኩት። ክሮቹ ከጫፋቸው እያጠሩ፣ እየሳሱ ሄዱ። ሃያ ሦስተኛዋ ጠብታ ቀስ ብላ ክብ ሆነች። ያንንም አነሳሁ።

ማዘር አዩና «የታለች?» አሉ።

«ሟሟች።»

«አንቺ ነሽ ያጠፋሻት?»

«አዎ። ቃጫ ብትሆን አትጠፋም ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አስረድቼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ አልገባቸውም ወይም ገብቷቸው አልተስማሙም። ስላይዱን ከእጄ ተቀብለው ሳህኑ ውስጥ መልሰው ከደኑትና ወደ ቁም ሳጥኑ፣ ወደ ታችኛው መደርደሪያ፣ መለሱት።

ፎቶዎቹን ላክሁ፤ ከመሞቁ በፊት፣ ሲሞቅ፣ ከሞቀ በኋላ፣ ከባዶ ናሙናው ጋር። አማካሪዬ መልስ የሰጠኝ በማግሥቱ ነው። እውነተኛ ናቸው አለ። የዘንድሮው ቦታ ተይዟል፤ ዱቄት ግን በአውቶቡስ እንደሚልክልኝና ሥራውን እዚያው ዲላ እንድቀጥል ጻፈልኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ጥቅምት ላይ ስላሳጠብኳቸው ሁለት ሙከራዎች ነው። ሁለት ሰዓት ነበር የጠበቅኋቸው።

እሁድ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከብልቃጡ ጀምሬ። በትዕግሥት ሰማችኝና «ታዲያ አሁን ልትመጪ ነው ወይስ አትመጪም?» አለች። አልመጣም አልኳት። «በልተሻል?» አለችኝ።

ዛሬም ዲላ ነኝ። የጾሙን ሠንጠረዥ ለአከራዮቼ ገና አልሰጠኋቸውም። የዚያን ቅዳሜ ደብተር ግን አርሜዋለሁ፤ ሠላሳ ስድስቱም ላይ «የለም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከጎኑ «ገና» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ሦስተኛዋ ላይም። ማዘር ጠዋት ጠዋት ከወናጎ ሲመጡ ጋውናቸውን ሳይለብሱ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ሳህኑን ያወጣሉ፣ እኔ በማይክሮስኮፕ አያለሁ፣ «ገና ነው» እላቸዋለሁ፣ ይከድኑታል። ከዚያ «በላሽ?» ይሉኛል።